ሁለቱ ሻምፒዮኖች ይጋጠሙ ወይስ ይቆዩ? ለቦክስ ወዳጆች የንጽጽር መመሪያ

በአንድ ዘመንና በአንድ የክብደት ምድብ ሁለት ኃያላን ሻምፒዮኖች ሲነሡ የቦክስ ወዳጅ እረፍት የለውም። አንዱ «ዛሬ ነገ ሳይባል ይጋጠሙ» ይላል። ሌላው «ገና ነው፣ በደንብ ይብሰል» ብሎ ይመልሳል። ጥቂቶች ደግሞ «ሁለቱም በየፊናቸው ነግሠው ቢኖሩ ማን ይጎዳል?» ሲሉ ይሟገታሉ። ክርክሩ ሰዓታት ከፈጀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ማን ማንን ያሸንፋል የሚለው ላይ ነው። እሱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማን ያሸንፋል የሚለው ከፍልሚያው በፊት ግምት ብቻ ነው፤ ይጋጠሙ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ግን ከዚህ በፊት በተደረጉና ሳይደረጉ በቀሩ ፍልሚያዎች መመዘን ይቻላል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። «ይቆዩ» የሚለው መልስ ብዙ ሰው እንደሚያስበው መሃል ሰፋሪ አይደለም። ጊዜ ለሁለት ቦክሰኞች እኩል አይሮጥም፤ ስለዚህ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ከሁለቱ ለአንዱ ያደላል። «ይቆዩ» ያለ ደጋፊ አወቀውም አላወቀውም ለአንደኛው ወገን ድምፁን ሰጥቷል። ከዚህ በታች አማራጮቹን አንድ በአንድ ሳነጻጽር ይህን በልባችሁ ያዙልኝ። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አሁኑኑ ይጋጠሙ»

ለዚህ ወገን ከ1981ዱ የሹገር ሬይ ሌናርድና የቶማስ ሄርንስ ፍልሚያ የበለጠ ምስክር የለም። በዌልተር ሚዛን (66.7 ኪሎ) ሌናርድ የደብሊው ቢ ሲን፣ ሄርንስ የደብሊው ቢ ኤን ቀበቶ ይዘዋል፤ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን የሚሰይሙ ድርጅቶች ናቸው። ሌናርድ 25 ዓመቱ ነው፤ ሄርንስ ገና 22። ሌናርድ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሮቤርቶ ዱራን ተሸንፎ ያንንም ብድሩን መልሷል። ሄርንስ ደግሞ 32 ጊዜ ተጋጥሞ 30ውን በዝረራ የጨረሰ፣ ሽንፈት የማያውቅ ረጅም ሰው ነበር። «ልጆች ናቸው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆዩ» ለማለት በቂ ሰበብ ነበረ። ማንም አልቆየም። ሴፕቴምበር 16 ቀን በላስ ቬጋስ፣ በሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ግቢ በተተከለ ጊዜያዊ ስታዲየም፣ በሚያቃጥል ሙቀት ከቤት ውጭ ተገናኙ።

በዚያ ምሽት የሆነውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ቡጢው የሚፈራው ሄርንስ በስድስተኛው ዙር በግራ ቡጢ ክፉኛ ሲናወጥ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በረጅም እጁ ነጥብ ወደ መሰብሰብ ዞረ። በእግሩ ፍጥነት የሚታወቀው ሌናርድ ደግሞ አሳዳጅ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን ተለዋወጡ ማለት ነው። ሌናርድ ግራ ዓይኑ አብጦ ሊከደን ተቃርቦ፣ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ወደ መጨረሻዎቹ ዙሮች ደረሰ። በ13ኛው ዙር ሄርንስን በገመዶቹ መካከል አሾልኮ ጣለው፤ በ14ኛው የመድረኩ ዳኛ ፍልሚያውን አስቆመ። ከታቀደው 15 ዙር የቀረው አንድ ዙር ተኩል ያህል ነበር። ከ12 ዙር ድካም በኋላ ስልቱን ገልብጦ ሌላ ሰው ሆኖ መነሣት የሚችለው ገና ያልተነካ ጉልበት ያለው አካል ነው። ሁለቱም ያ ጉልበት ነበራቸው።

ስምንት ዓመት ቆይተው በ1989 እንደገና ሲጋጠሙ ሄርንስ ሌናርድን ሁለት ጊዜ ከመሬት ጣለው። ውጤቱ ግን አቻ ተባለ። ሄርንስ ተበድሏል ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። ጥሩ ፍልሚያ ነበር፤ ልብ የሚነካም ነበር። ነገር ግን የ1981ዱን አይቶ የ1989ኙን ያየ ሰው ሁለቱን በአንድ ሚዛን አያስቀምጣቸውም።

የሙሃመድ አሊና የጆ ፍሬዘር የ1971 ፍልሚያም እንዲሁ ያለ መዘግየት የተደረገ ነው። አሊ ከሦስት ዓመት ተኩል እገዳ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የተፋለመው። ለእሱ ብቻ ቢታሰብ መቆየት ይሻለው ነበር፤ ሰውነቱ ገና ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ማርች 8 ቀን በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገባ፣ በ15ኛው ዙር ከመሬት ወደቀ፣ በነጥብ ተሸነፈ። ለእያንዳንዳቸው እኩል 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላቸው። ያ ሽንፈት ባይኖር ኖሮ የ1974ቱም ሆነ በ1975 በማኒላ የተደረገው ሦስተኛው ፍልሚያ ያን ያህል ክብደት አይኖራቸውም ነበር። ቀድሞ መጋጠም ለድጋሚ ፍልሚያ ጊዜ ይተርፋል፤ ዘግይቶ መጋጠም ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት ላይ ይጭነዋል።

«አሁኑኑ» የሚለው ምርጫ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋጋው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያየሁት በሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝና በሜልድሪክ ቴይለር ፍልሚያ ነው። ማርች 17 ቀን 1990፣ ሁለት ሽንፈት የማያውቁ የ63.5 ኪሎ ሻምፒዮኖች። ቴይለር የ23 ዓመት ወጣት፣ የ1984 የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ፣ እጁ እንደ መብረቅ የሚፈጥን ነበር። ከ12ቱ ዙሮች አብዛኞቹን በፍጥነቱ ወሰደ፤ ነገር ግን ቻቬዝ በቁጥር ጥቂት፣ በክብደት ብዙ በሆኑ ቡጢዎች ፊቱን እየሰበረው ነበር። ወጣቱ የራሱን ደም እየዋጠ ይፋለማል። በሁለት ዳኞች ነጥብ በሰፊው እየመራ በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ ወደቀ። ተነሣ። የመድረኩ ዳኛ ሪቻርድ ስቲል ደኅና መሆኑን ጠየቀው፤ ቴይለር ወደ አሰልጣኞቹ ጥግ እያየ መልስ አልሰጠም። ሁለት ሰከንድ ሲቀር ፍልሚያው ተቋረጠ፤ ቻቬዝ አሸነፈ።

ስለዚያ ውሳኔ ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቴይለር በቀጣዩ ዓመት በዌልተር ሚዛን ሌላ ቀበቶ ቢያገኝም ያ የእጅ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። ሁለት ታላላቅ ቦክሰኞች በጉልበታቸው ጫፍ ላይ ሲገናኙ አንዳቸው የዕድሜ ልክ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። «ዛሬውኑ ይግቡ» ብሎ የሚጮኽ ደጋፊ ይህን እያወቀ ይጩኽ። እኔም እያወቅኩ ነው የምለው።

«ይቆዩ፣ ይብሰል»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የዚህ ወገን መፈክር ሊሆን ይችላል። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም፤ ቦክሰኞቹ ስማቸው ይግነን፣ ተመልካቹ ይብዛ፣ ክፍያውም ከፍ ይበል ነው የሚሉት። ፕሮሞተሮች፣ ማለትም ፍልሚያ አዘጋጅተው የሚሸጡት ሰዎች፣ ይህን በጣም ይወዳሉ።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ሁዋን ማኑኤል ሎፔዝና ዩሪዮርኪስ ጋምቦዋ በላባ ሚዛን የዓለም ቀበቶ የያዙ፣ ያልተሸነፉ ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ፕሮሞተር፣ በቦብ አረም ሥር ነበሩ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በአንድ ምሽት፣ በአንድ አዳራሽ እየተከታተሉ ተፋልመው ሁለቱም አሸነፉ። ከዚያ በላይ የሚመች ጊዜ ከየት ይመጣል? ሆኖም ይቆይ ተባለ። ኤፕሪል 2011 ላይ ኦርላንዶ ሳሊዶ የሚባል፣ ብዙዎች ከቁም ነገር ያልቆጠሩት ጠንካራ ሰው ሎፔዝን በስምንተኛው ዙር አስቆመው። የሎፔዝና የጋምቦዋ ፍልሚያ እስከ ዛሬ አልተደረገም። ሁለቱን የሚለያይ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የሚያጣላ ፕሮሞተር፣ የክብደት ልዩነት አልነበረም። የጎደለው ፍላጎት ብቻ ነበር።

በከባድ ሚዛንም ያው ታሪክ ተደግሟል። በ2018 አንቶኒ ጆሹዋ ሦስት ቀበቶ፣ ዲዮንቴ ዋይልደር አንድ ቀበቶ ይዘው፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ ወራት የፈጀ ድርድር ተደረገ፤ ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ጁን 1 ቀን ጆሹዋ በምትክ በገባው አንዲ ሩዊዝ አራት ጊዜ ወድቆ ተሸነፈ። ዋይልደር በፌብሩዋሪ 2020 በታይሰን ፉሪ ተመታ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የዓለም ትልቁ ፍልሚያ ትዝታ ሆነ።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን የመቆየት ወገን ትክክል የሆነበት አንድ ግዙፍ ምሳሌ አለው፤ ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ። ለማርች 13 ቀን 2010 ታስቦ የነበረው ፍልሚያቸው በደም ምርመራ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው ፈረሰ። በዚያው ቀን ፓኪያዎ ከጆሹዋ ክሎቲ ጋር ተፋለመ። ያኔ ሜይዌዘር 33 ዓመቱ፣ ፓኪያዎ 31 ነበር። በመጨረሻ ሲገናኙ ሜይ 2 ቀን 2015 ሆነ፤ አንዱ 38፣ ሌላው 36። በመሃሉ ፓኪያዎ በ2012 በሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ቀኝ እጅ በፊቱ ተደፍቶ ወድቆ ነበር። 4.6 ሚሊዮን ቤቶች ከፍለው አዩት፤ ከስርጭቱ ብቻ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ፤ የመግቢያ ትኬቱ 72 ሚሊዮን ዶላር አመጣ። በሒሳብ ከታየ መቆየቱ አዋጥቷል።

ተመልካቹ ምን አገኘ? ሜይዌዘር በ12 ዙር በነጥብ፣ ያለ ብዙ ችግር አሸነፈ። ፓኪያዎ ትከሻው ተጎድቶ እንደነበር ከፍልሚያው በኋላ ተሰማ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የ2010ሩ ፓኪያዎ ያሸንፍ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ የሜይዌዘር መከላከል ያኔም ያው ነበር። ነገር ግን በ2010 ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ በ2015 ግማሹ በዕድሜ ተመልሶ ነበር። የደጋፊ ፍላጎትና የፕሮሞተር ፍላጎት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ እኛ የምንገዛው መልስ ነው፣ እነሱ የሚሸጡት ደግሞ ጥያቄውን ነው።

መቆየት ለማን ያደላል ለሚለው ደግሞ ሁለት ፍልሚያዎችን አስተያዩ። የካኔሎ አልቫሬዝና የጌናዲ ጎሎቭኪን ነገር ግልጽ ነው። በ2016 አልቫሬዝ ከጎሎቭኪን ጋር ከመጋጠም ይልቅ የደብሊው ቢ ሲን የመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ ለቀቀ። በሴፕቴምበር 2017 ሲጋጠሙ አልቫሬዝ 27፣ ጎሎቭኪን 35 ዓመቱ ነበር፤ አቻ ወጡ። በ2018 አልቫሬዝ በጠባብ ነጥብ አሸነፈ። ሦስተኛው በ2022 ሲመጣ ጎሎቭኪን 40 ሞልቶት ነበር። እያንዳንዱ የጠፋ ዓመት ከማን ኪስ እንደወጣ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

የኤሮል ስፔንስና የቴረንስ ክሮውፎርድ ግን ብዙዎቻችንን አሳስቶናል። ከ2018 ጀምሮ ሁለቱም በዌልተር ሚዛን ቀበቶ ነበራቸው። ክሮውፎርድ በዕድሜ ስለሚበልጥ መዘግየቱ ስፔንስን ይጠቅማል ብለን ነበር የምናስበው። ነገር ግን በ2019 ስፔንስ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ በ2021 የዓይኑ ሬቲና ተቀዶ ከሌላ ትልቅ ፍልሚያ ወጣ። ጁላይ 29 ቀን 2023 ሲገናኙ ስፔንስ 33፣ ክሮውፎርድ 35 ነበር። ክሮውፎርድ ሦስት ጊዜ ጥሎት በዘጠነኛው ዙር ጨረሰው። በ2018 ቢሆን ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ መዘግየቱ የወሰደብን ያንን መልስ ነው። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር የልደት ቀን ብቻውን ማን እንደሚያረጅ አይነግርም። የተቀበሉት ቡጢ ብዛት፣ ከፍልሚያ ፍልሚያ ክብደታቸው የሚዋዥቀው መጠን፣ የደረሰባቸው ጉዳት፣ ስልታቸው በእግር ፍጥነት ላይ የቆመ መሆን አለመሆኑ አብሮ መታየት አለበት።

መቆየት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ምክንያቱ ስም ያለው ሲሆን፣ የሚቆይበትም ቀን የተቆረጠለት ሲሆን ነው። የተሰበረ አጥንት ስም አለው። ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ በ2020 ሊጋጠሙ ነበር፤ ወረርሽኙ አስቀረው። ኤፕሪል 30 ቀን 2022 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተገናኙ፤ በዚያ አዳራሽ ሴቶች ዋናውን ፍልሚያ ሲይዙ የመጀመሪያው ነበር። ቴይለር በአምስተኛው ዙር ከመውደቅ ለጥቂት ተርፋ በሁለት ዳኞች ድምፅ አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል። እንዲህ ዓይነቱ መቆየት ማንንም አይጎዳም። «ይብሰል» የሚለው ግን ስምም ቀንም የለውም።

«ጭራሽ ባይጋጠሙስ?»

ሌኖክስ ሉዊስና ሪዲክ ቦው በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ የፍጻሜ ፍልሚያ ተገናኝተው ሉዊስ በሁለተኛው ዙር አሸነፈ። በኖቬምበር 1992 ቦው ኢቫንደር ሆሊፊልድን በታላቅ ፍልሚያ ረትቶ የከባድ ሚዛን ንጉሥ ሆነ። የደብሊው ቢ ሲ ቀጣይ ተፋላሚ ሉዊስ ነበር። በዲሴምበር ቦው ለንደን ላይ በጋዜጠኞች ፊት የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣለው። ቀበቶው ለሉዊስ ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ቦው በሆሊፊልድ፣ በ1994 ሉዊስ በኦሊቨር ማኮል ተሸነፉ፤ በሙያተኞች መድረክ ሳይገናኙ ቀሩ።

ለቦው የተፈረደበት ፍርድ ከባድ ነው፤ ይገባዋልም እላለሁ። ከሆሊፊልድ ጋር ያደረጋቸው ሦስት ፍልሚያዎች ከከባድ ሚዛን ምርጦች መካከል ናቸው፤ ሆኖም ስሙ በተነሣ ቁጥር ያ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አብሮ ይነሣል። «በየፊናቸው ይንገሡ» የሚል ሰው የሁለቱንም ክብር የሚጠብቅ ይመስለዋል። ያልተደረገ ፍልሚያ ግን የሁለቱንም ታሪክ ያጎድላል፤ የሸሸውን ደግሞ ይበልጥ ያጎድለዋል።

«አይጋጠሙ» ማለት ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የክብደት ልዩነት ነው። በሴፕቴምበር 2016 የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮኑ ኬል ብሩክ ከ66.7 ኪሎ ምድብ ተነሥቶ፣ በመሃል ያለውን ምድብ ዘልሎ፣ የ72.6 ኪሎውን ጎሎቭኪንን ለንደን ላይ ገጠመ። ጀግንነቱን ማንም አይክድም፤ በሁለተኛው ዙር ጎሎቭኪንን በሚያማምሩ ቡጢዎች መትቶታል። ነገር ግን የዓይኑ ጎድጓዳ አጥንት ተሰበረ፤ በአምስተኛው ዙር አሰልጣኙ ፎጣ ወርውሮ አስቆመው። በቀጣዩ ዓመት ሜይ በራሱ ክብደት ከስፔንስ ጋር ሲጋጠም የሌላኛው ዓይኑ አጥንት ተሰበረ፤ በ11ኛው ዙር በቃኝ አለ። ያንን የመጀመሪያ ፍልሚያ ማየት ከፈለጉት መካከል ስለነበርኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ክሮውፎርድ በሴፕቴምበር 2025 እስከ 76.2 ኪሎ ወጥቶ አልቫሬዝን በነጥብ ማሸነፉን አንሥቶ የሚሞግተኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ታላቅ ሥራ ነው። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። ክሮውፎርድ በረጅም ዓመታት ከ61.2 እስከ 69.9 ኪሎ ምድብ በምድብ የወጣ፣ ለዚያ ፍልሚያም ሰውነቱን በጊዜ የገነባ፣ በመከላከል የተካነ ሰው ነው። ብሩክ በአንድ ዝላይ ነበር የሄደው። ሁለት ሻምፒዮኖች በሁለት ምድብ ልዩነት ውስጥ ካሉ «ይጋጠሙ» ከማለታችሁ በፊት ትንሹ ወደ ላይ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንዳገኘ ጠይቁ። ትልቁ ወደ ታች እንዲወርድ ማስገደድም መፍትሔ አይደለም፤ በ2023 ራያን ጋርሲያ ከገርቮንታ ዴቪስ ጋር ሲጋጠም ከሚዛን በኋላ ውሃ ጠጥቶ መልሶ የሚጨምረው ኪሎ በውል ተገድቦበት ነበር፤ በሰባተኛው ዙር ጎኑ ላይ በተመታ ቡጢ ተንበርክኮ መነሣት አቃተው። ውሃ ተነፍጎ የገባ አካል መልስ አይሰጥም።

ቀበቶዎቹና ውሎቹ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ደጋፊዎች ከሚገባው በላይ ክብደት የሚሰጡት ለቀበቶ ነው። አራቱ ድርጅቶች፣ ማለትም ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍና ደብሊው ቢ ኦ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የግዴታ ተፋላሚ ያቀርባሉ፤ እምቢ ያለ ሻምፒዮን ቀበቶውን ያጣል። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ሜይ 18 ቀን 2024 በሪያድ ፉሪን አሸንፎ አራቱንም ሰበሰበ፤ በከባድ ሚዛን ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ ያለ ተቀናቃኝ የነገሠ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የአይ ቢ ኤፍን ለቀቀ። ፍልሚያው ግን ቀበቶ ቢጎድልም ባይጎድልም ያው ፍልሚያ ነው። «አራቱም ቀበቶ እስኪሰበሰብ ይቆዩ» የሚለው ክርክር ብዙም አያሳምነኝም።

ውል ግን ሊናቅ አይገባም። በ2021 የፉሪና የጆሹዋ ፍልሚያ ለኦገስት 14 ቀን ሳውዲ አረቢያ ላይ ተቆርጦ ነበር። የግልግል ዳኛ ዋይልደር ከፉሪ ጋር ሦስተኛ ፍልሚያ የማድረግ መብት በውል እንዳለው ወሰነ፤ ሁሉም ፈረሰ። በሴፕቴምበር ጆሹዋ ቀበቶዎቹን ለኡሲክ አስረከበ። አንድ ፍልሚያ ታወጀ ሲባል ከደስታችሁ በፊት የእያንዳንዱ ቦክሰኛ የቀደመ ውል የድጋሚ ፍልሚያ አንቀጽ ይኑርበት አይኑርበት ተመልከቱ።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ሁለቱም ከ30 ዓመት በታች፣ በአንድ ምድብ፣ ሁለቱም ከባድ ተጋጣሚ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዩ ከሆነ፣ ያለማወላወል አሁኑኑ በሉ። የሌናርድና የሄርንስን ምሽት የሰጠን ይህ ሁኔታ ነው። ተሸናፊውም ገና ወጣት ስለሆነ ለመመለስ ጊዜ አለው፤ ሄርንስ ከዚያ ሽንፈት በኋላ በአራት ሌሎች ምድቦች ሻምፒዮን ሆኗል።

አንዱ ገና ያልተፈተነ ከሆነ፣ ማለትም ቀበቶውን ባለቤት አልባ ሆኖ ያገኘው ወይም ጊዜው ያለፈበት ቦክሰኛ አሸንፎ የወሰደው ከሆነ፣ አንድ ፍልሚያ ይቆይ ማለት ፍትሐዊ ነው። አንድ። ሁለተኛው ሲጠየቅ ተጠራጠሩ።

አንዱ ከ34 በላይ ሆኖ ሌላው ከ30 በታች ሲሆን ደጋፊው ሊገፋ የሚገባው ወጣቱን ነው። ወጣቱ ምንም ሳያደርግ በየወሩ ይጠቀማልና «ይቆይ» ማለት ለእሱ ወጪ የለውም። የጎሎቭኪን ደጋፊዎች በ2016 የጮኹት ለዚህ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ።

አንዱ በቅርቡ በከባድ ዝረራ ወድቆ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት፣ ቢያንስ በጠንካራ ተጋጣሚ ተፈትኖ እስኪታይ ድረስ እኔ ራሴ «ይቆዩ» እላለሁ። እዚህ ላይ የሰው ልጅ ጤና ከደጋፊ ጉጉት ይቀድማል።

ፍልሚያው ከጊዜው ካለፈ፣ ሁለቱም ከጫፋቸው ወርደው ከሆነ፣ ያኔም ቢሆን «አይጋጠሙ» አልልም፤ ግን የምንጠብቀውን እንለውጥ። ሉዊስ በ2002 ሜምፊስ ላይ ማይክ ታይሰንን በስምንተኛው ዙር ሲዘርር ሉዊስ 36፣ ታይሰን 35 ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ታይሰን ከሉዊስ ጋር ከመጋጠም የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ መልቀቅን መርጦ ነበር። የ2002ቱ ፍልሚያ የ1996ቱን ጥያቄ አልመለሰም።

ውጤቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ለድጋሚ ፍልሚያ የሚሆነውም መለኪያ ያው ነው። አርቱር ቤተርቢየቭና ድሚትሪ ቢቮል ሁለቱም ሳይሸነፉ የቀላል ከባድ ሚዛንን አራት ቀበቶዎች ተካፍለው ይዘው ነበር። ለጁን 2024 ቀን ተቆረጠ፤ ቤተርቢየቭ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ለኦክቶበር 12 ተዛወረ። አራት ወር ብቻ ነው የቆዩት። ቤተርቢየቭ 39፣ ቢቮል 33 ነበር። አንዱ ዳኛ 114 ለ114፣ ሌላው 115 ለ113፣ ሦስተኛው 116 ለ112 ሰጥተው ቤተርቢየቭ አሸነፈ። ቢቮል እንደገና ጠየቀ። ሰውዬው 40 ሞልቶት ነበርና «ይበቃኛል» ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እሱ ግን ተስማማ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 በዚያው በሪያድ ተገናኙ። ነጥቡ ደግሞ 114 ለ114፣ 115 ለ113፣ 116 ለ112፤ በዚህኛው ጊዜ ለቢቮል። ሦስተኛው ይደረግ ወይስ ይቅር ለሚለው የእኔ መልስ ይደረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያረጀው ቤተርቢየቭ ነውና እያንዳንዱ ወር ከእሱ ላይ እየተቆረጠ ነው።